ማሽኑ ሲያስብ የተፈተለ ጥጥ

እትዬ የዝናን ቀበርናት። ለቀስተኛው ብዙ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቤት የሠራ ሰው ግማሹ ፕላኑን ያሠራው በእሷ እጅ ነውና ማንም የቀረ አልመሰለኝም። እስከዚህ ድረስ ደህና። ነገሩ የተበላሸብኝ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ ነው። የቀድሞ ኃላፊያችን አቶ ሽባባው መሥሪያ ቤቱን ወክሎ ጥቁር ኮቱን ቆልፎ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወጣና፣ «ወይዘሮ የዝና በሥራዋ ታታሪና ፈጣን፣ ዘመናዊ ቴክኖሎጂን በመቀበል ቀዳሚ የነበረች…» እያለ ሲያነብ ደሜ ፈላ። ፈጣን! እግዚኦ! ያቺን ሴት «ዘገምተኛ ነሽ» ብሎ ከሥዕል ጠረጴዛዋ ያስነሳት ማን ሆነና ነው?

አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ሳልናገር ሐሳቤን ያወቁብኝ ይመስል ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ተው ልጄ፣ ቀብር ላይ ነን» አሉኝ። ተውሁ። እዚያ ያልተናገርሁትን ግን እዚህ እናገረዋለሁ፤ ሰውየውንም በሥራ ዘመናችን «አንቱ» ስለው ኖሬያለሁ፣ ዛሬ አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

መሥሪያ ቤታችን ለወረዳዎች የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያ፣ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ፕላን የሚነድፍ ነበር። እኔ ስቀጠር እትዬ የዝና አንጋፋዋ ነዳፊ ናት። ሥራውን የተማረችው በቀለም ብዕርና በማስመሪያ፣ የተሳሳተውን በምላጭ እየፋቀች ነው። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ እኩዮቿ አንዱ ወደ ንብረት ክፍል፣ አንዱ ወደ ቁጥጥር ሸሹ። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ማሽኑ ፊት ተቀመጠችና፣ «ይኸም ማስመሪያ ነው፤ ረዘም ያለ ማስመሪያ» አለች። ወረቀት ላይ መሳል ካቆመች ከስንት ጊዜ በኋላም እርሳሷን ከሹሩባዋ ውስጥ አላወጣችም። ማውሱን ከመንካቷ በፊት እጇን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ሁልጊዜ፣ ንጹሕም ይሁን አይሁን።

ዝምተኛ እንዳትመስላችሁ። ምላሷ ስለት ነው። አንድ ሥራ ተቋራጭ መጥቶ ምሰሶው ወፈረ፣ ብረት በላ፣ ትንሽ አሳንሺልኝ ብሎ ቢለማመጣት፣ «እሺ ላሳንስልህ፤ ግን ጣሪያው ሲወጣ ፍራሽህን አምጥተህ ከሥሩ ትተኛለህ?» አለችው። ሰውየው ሁለተኛ አልጠየቀም። ከእኛ ከወጣቶቹ አንዳችን ያማረ ግን ልኩ ያልገጠመ ነገር ስንስል ስታይ፣ ስክሪኑን በጥፍሯ ኳ ኳ አድርጋ፣ «ልክ ያልሆነ ነገር ቆንጆ አይባልም» ትላለች። አልቋል፣ እንደገና ነው።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን እንዝርቷ ነው። የሕንፃውን ሞዴል፣ ስክሪኑ ላይ የቆመውን ምስሉን፣ ለማዞር አዝዛው ማሽኑ ድርቅ ሲል፣ ከቦርሳዋ ባዘቶና እንዝርት አውጥታ ጭኗ ላይ ታሾረዋለች። በእኛ አገር የሴት እጅ ባዶውን አይቀመጥም፤ እናቷም ገበያ ስትሄድ መንገድ ላይ እየፈተለች ነው የምትሄደው ብላኛለች። «እትዬ፣ ማሽኑ ሞተ እንዴ?» ስንላት፣ «ኧረ አልሞተም፣ እያሰበ ነው። አትረብሹት» ትልና ክሯን ትስባለች። ሞዴሉ ዞር ሲል እንዝርቱ ወደ ቦርሳ፣ እጅ በነጠላ ጫፍ፣ ሥራ። እንዲህ እያለች ነው የምትውለው።

አዳዲስ ኮምፒውተር ሊገዛልን ነው ተባለ። አቶ ሽባባው የግዢ ኮሚቴውን ሰብስቦ፣ ለወጉ ያህል እሷንም አስጠራት፤ እኔም የማሽኖቹን ዝርዝር እንዳነብ ተብሎ ተቀምጫለሁ። ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ዓይነት ናቸው። የአንደኛው ፕሮሰሰር፣ ማለት የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ስድስት ኮር፣ እንደ ስድስት ሠራተኛ በሉት፣ አለው፤ ግን እያንዳንዱ ኮር ቀርፋፋ ነው። የሌላው ሁለት ኮር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ግን ፈጣን ናቸው።

«ለእኛ ሥራ ባለ ሁለቱ ይሻላል» አለች።

አቶ ሽባባው ፈገግ ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ከስድስትና ከሁለት የቱ ይበልጣል ወይዘሮ የዝና? እስኪ ንገሪኝ።»

በዕድሜ ታላቁ ናት። እኛ አንቺ ብንላት በእትዬነቷ ነው፤ እሱ በሹመቱ አንቺ ይላታል፣ እሷ እርስዎ ትለዋለች። ይህ ራሱ ያበግነኝ ነበር።

«አገሬ አማኑኤል መጥተው የአባቴን ማሳ አይተው ቢሆን ይህን ባልጠየቁኝ» አለችው። «አጨዳ ሲሆን ደቦ ይጠራል። ስድስት ሰው ከመጣ ስድስቱም ፈንታ ፈንታውን ይዞ ያጭዳል፣ ማሳው ቶሎ ያልቃል። እርሻ ሲሆን ግን እርፉ አንድ ነው። አንዱን እርፍ ስድስት ሰው አይጨብጠውም። አንዱ ያርሳል፤ አምስቱ ድንበር ላይ ቁጭ ብለው ጠላ ይጠጣሉ። እንግዲህ የኛ ሶፍትዌር መስመር ስንስል፣ ግድግዳ ስናነሣ፣ ሞዴል ስናዞር እንደ እርሻ ነው፤ አንዱን ኮር ብቻ ነው የሚያሠራው። ያ አንዱ ጎበዝ ካልሆነ የቀሩት ምን ይሠሩልኛል? ሬንደር የምንለው፣ ሕንፃው ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በቀለም በጥላ አሳምሮ የሚያወጣው፣ እሱ አጨዳ ነው። እዚያ ላይ ስድስቱም ይረባረባሉ። ታዲያ እኛ ዓመቱን ሙሉ እናርሳለን፤ የምናጭደው አልፎ አልፎ ነው።»

እኔ ፕሮሰሰር ምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። አቶ ሽባባው ግን ሳቀ። «ኮምፒውተሩን በሬ አደረግሽው እኮ!» ሲል ኮሚቴው ተከትሎ ሳቀ። አለቃ ሲስቅ የማይስቅ ኮሚቴ የት አገር አለ?

ባለ ስድስቱ ተገዛ፤ ለዲዛይን ክፍሉ በሙሉ። ከባለ ሁለት ኮሩ ደግሞ አንድ ብቻ መጣ፤ የመጣውም ስክሪኑ ሰፊ ነው ተብሎ ለኃላፊው ቢሮ ነው። በእኛ ዘንድ ወንበር በማዕረግ ነው፣ ምንጣፍ በማዕረግ ነው፣ ለካ ፕሮሰሰርም በማዕረግ ኖሯል! ያ ፈጣን ማሽን የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ወጣና ዳንቴል ለበሰ። ጠዋት ዳንቴሉ ይነሣል፣ ደብዳቤ ይነበብበታል፣ ከምሳ በኋላ ካርታ ይጫወቱበታል፣ ማታ ዳንቴሉን ይለብሳል። አንዲት መስመር ተስሎበት አያውቅም።

ወዲያው ለጉንደ ወይን አካባቢ የእናቶች ማዋለጃ እንድንነድፍ ታዘዝን። ቦታው ተዳፋት ነው፣ ጣሪያው ብዙ መታጠፊያ አለው፣ ሞዴሉ ከባድ ሆነ። ለእትዬ የዝና ተሰጠ፤ እሷም ወደደችው። «ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተይዛ የምትገባበትን በር እኔ ካልሳልሁት ማን ይሳለው?» ትል ነበር። ማሽኑ ግን አቃተው። ግድግዳ አንድ ክንድ ፈቀቅ ለማድረግ ታዘዋለች፣ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። እንዝርት ታወጣለች። ይመለሳል። በር ትከፍታለች፣ ነጭ። እንዝርት። ወረዳዎቹ ይደውላሉ፣ አቶ ሽባባው በሩ ላይ ብቅ ይላል፣ የሚያየው እንዝርቱን ነው። ስክሪኑን አያይም! እንዝርቱን ብቻ!

ግምገማው ደረሰ። ግምገማ የሚባለውን ያየ ያውቀዋል፤ ሰው በሠራተኛ ፊት ቁሞ የሚገፈፍበት ነው። አቶ ሽባባው አጀንዳውን ሲከፍት ስሟን አስቀደመ።

«የማዋለጃው ሥራ የዘገየው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። እውነቱን እንነጋገር፣ ዕድሜ ነው። ቴክኖሎጂ የወጣት ነው። በዚያ ላይ በመንግሥት ሰዓት ጥጥ ትፈትላለች። ወይዘሮ የዝና ከነዳፊነት ተነሥታ መዝገብ ቤት ብትገባ ለእሷም ዕረፍት ነው።»

ዕረፍት! ሥዕል ነፍሷ ለሆነች ሴት መዝገብ ቤት ዕረፍት ነው ይላል።

እሷ ተነሣች። አልተቆጣችም፤ ቦርሳዋን ከፍታ ልቃቂቶቿን እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ነጫጭ፣ ድብልብል ያሉ፣ ብዙ። 

«ይኸ ሁሉ ማሽኑ ሲያስብ የተፈተለ ነው» አለች። «ሸማኔ ቢያገኘው ጋቢ ይወጣዋል። ሥራ ትቼ የፈተልሁት አንዲት ክር ካለች አብረውኝ የተቀመጡት ይመስክሩብኝ። እኔ የምለው አንድ ነው። ያንኑ ማዋለጃ በእኔ ማሽንም በእርስዎ ማሽንም ልክፈተው። አይታችሁ ፍረዱ። የዘገየሁት እኔ ከሆንሁ መዝገብ ቤት እገባለሁ።»

እምቢ የሚልበት መንገድ አልነበረውም። ሁላችንም ተነሥተን መጀመሪያ ወደ ዲዛይን ክፍል ሄድን። ሞዴሉን ከፈተችው፣ እንዲዞር አዘዘችው። ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ቆምን። አንዱ ሳለ፣ አንዱ በመስኮት አየ። ቆምን። አቶ ሽባባው ሰዓቱን ደጋግሞ ሲያይ በልቤ «ታዲያ እሷ ይህን በየቀኑ ነው የምትጠብቀው!» አልሁ። ቆይቶ ቆይቶ ሞዴሉ እየተንገዳገደ ዞረ።

ከዚያ ወደ ኃላፊው ቢሮ። ዳንቴሉን በሥርዓት አጥፋ አስቀመጠች፣ እጇን በነጠላዋ ጠረገች፣ ያንኑ ሥዕል ከፈተች። አዘዘችው፤ እንደ እንዝርት ሾረ። ግድግዳ አነሣች፣ ተነሣ። በር ከፈተች፣ ተከፈተ። የንብረት ክፍሉ ሰው፣ «ወይ ጉድ!» አለ ጮኾ። ከኋላዬ ሁሉ ያጉረመርማል። አቶ ሽባባው ፊቱ ጠቆረ። አለቀ፣ ረታን! እኔማ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

እሷ ግን፣ «ቆዩ፣ ገና ነው» አለች። «ይህ እርሻው ነው። አጨዳውን አላያችሁም።»

ነጠላዋን ከኋላ ጎተትሁት። «እትዬ፣ በቃ!» አልኋት በሹክሹክታ። አልሰማችኝም፤ ወይም ሰምታ ናቀችኝ። የማዋለጃውን ሬንደር በሁለቱም ማሽን ላይ አስጀመረች። እንደተናገረችው ሆነ፤ የእሷው ባለ ስድስቱ ምስሉን አሳምሮ ሲጨርስ የኃላፊው ማሽን ገና ጣሪያው ላይ ነበር። «በሬንደር የእኔ ማሽን ይበልጣል» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «መጀመሪያም ብያለሁ።»

ወደ ስብሰባው ክፍል ተመልሰን እንደተቀመጥን ሰውየው እንደ ነብር ዘለለ። «ሰማችሁ! በራሷ አንደበት! የእሷ ማሽን ከእኔ ይበልጣል አለች! ታዲያ ምን ምክንያት ቀራት?»

እኔ ተነሥቼ፣ «ኧረ እንዲህ አይደለም፣ ሬንደር ሌላ፣ ንድፍ ሌላ! አሁን በዓይናችን አላየንም እንዴ?» ብል፣ «ተቀመጥ፣ ቴክኒካል ጉዳይ አታንዛዛ» አለኝ። ቴክኒካል ጉዳይ! በዲዛይን መሥሪያ ቤት! ከዚያ መዝገብ ቤት ትግባ በሚለው ላይ እጅ አስወጣ። ከጥቂቶቻችን በቀር ያ «ወይ ጉድ» ሲል የነበረው ሁሉ እጁን ቀስ እያለ አወጣ። በዓይናቸው አይተው፣ በእጃቸው ካዱ። እትዬ የዝና ልቃቂቶቿን ለቅማ ቦርሳዋ ከተተች። ስትወጣ የሚያያት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ጫማውን ነው የሚያየው።

ግቢ ውስጥ ደረስሁባት። በስጭቼ ነበር፣ በእሷም ጭምር። «ማን ጠየቀሽ? ረትተሽ አልነበር እንዴ! ሬንደሩን ምን አመጣው?»

«ላወዳድር ብዬ ነው የገባሁት ምንይችል» አለች። «የሚጠቅመኝን ብቻ አሳይቼ ብወጣ አወዳደርሁ ይባላል? እሱ ማታለል ነው።»

«እነሱስ አላታለሉሽም?»

«እነሱ የራሳቸውን ያውቃሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ አትቸኩል።»

አትቸኩል! ይህን ተረት ያወጣው ሰው መዝገብ ቤት ቁጭ ብሎ ንጋትን ጠብቆ አያውቅም።

ማዋለጃው ለእኔ ተሰጠ። በዚያው ማሽን፣ በዚያው ነጭ ስክሪን። ይኸውና ፍርዱን እናንተ ስጡ፤ እኔ ከእሷ ብሼ ዘገየሁ! ወጣቱ፣ ቴክኖሎጂው የኔ ነው የተባልሁት። አንድ ሰው ዕድሜህ ነው አላለኝም። «ሥራው ከባድ ነበር» ተባለልኝ፣ ስጨርስም አቶ ሽባባው በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ። ጭብጨባው ፊቴን በጥፊ የተመታሁ ያህል ነው ያቃጠለኝ። «የነደፈችው እኮ እሷ ናት፣ እኔ ጫፍ ጫፉን ነው የቋጨሁ» ብል፣ ትሑት ነው ብለው ደግመው አጨበጨቡ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ምን ይደረጋል?

እሷ መዝገብ ቤት ገብታ ያንን አቧራ የበላውን ክፍል መልክ አስያዘችው። የጠፋ ፋይል ሁሉ ተገኘ። እኔ ሥዕል ሲያስቸግረኝ ወርጄ እጠይቃታለሁ፤ ሳታይ፣ በቃል፣ «ደረጃውን ከምሥራቅ አዙረው፣ ውኃው ወደ በሩ እንዳይመጣብህ» ትለኛለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ግን ፎቅ አትወጣም። ነይ ውጪ ብላት፣ «ምን ልሠራ?» ትለኛለች። እርሳሷም ከሹሩባዋ ወርዶ ነበር። ይህን ያየሁ ዕለት ምሳ መብላት አቃተኝ።

ዓመታት አለፉ። አቶ ሽባባው ወደ ላይ አድጎ ሄደ፤ እንዲህ ያለውማ መች ይወድቃል። አንድ ወጣት ኢንጂነር ኃላፊ ሆኖ መጣ። ማሽኖቻችንን አየና፣ «ለንድፍ ሥራ ይህን ማን ገዛላችሁ? የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው እኮ ዋናው!» አለ። የዚያ ኮሚቴ አባላት እርስ በርስ ተያይተው፣ «ድሮም እኮ ብለን ነበር» አሉ። ብለን ነበር! አንገቴን ደፍቼ ጥርሴን ነከስሁ። አዲሶቹ ማሽኖች ሲመጡ ኃላፊውን እትዬ የዝና ወደ ክፍሏ ትመለስ ብዬ ለመንሁት። ልጁ ክፉ አይደለም። ግን፣ «መዝገብ ቤቱን እንደሷ የሚይዝ ከየት አመጣለሁ? ጡረታዋም ደርሷል» አለኝ። ጎበዝነቷ ደግሞ በተራው በር ቆለፈባት፤ ጉድ በሉ!

«እንግዲያው አንድ ጠዋት ትቀመጥበት» አልሁት። ይሁን አለ።

ወርጄ ነገርኋት። «አንዱ ኮር ምን ያህል ይሮጣል?» ስትል ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ትንሽ አሰበችና ተነሣች። ፎቁን ስትወጣ ግድግዳውን ተደግፋ ነው፤ ጉልበቷ ደክሞ ነበር። ወንበሬን ለቀቅሁላት። እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እኛ ተቸግረንበት የቆየን የአንድ ትምህርት ቤት ደረጃ ነበር፤ ሦስት ቦታ የሚታጠፍ፣ ልኩ አልገጥም ያለ። ማንንም ምንም አልጠየቀችም። መስመሩን ሳበች፣ አጠፈች፣ አነሣች። ማሽኑ አንዴም ነጭ አልሆነባትም። እጇ ሲሄድ ቆሜ አየሁ፤ ያው የድሮው እጅ ነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ደረጃው አልቆ ሕንፃውን አንድ ዙር አዞረችው፣ ልክ ነበር።

ከዚያ ማውሱን ለቀቀችና ጣቶቿን ዘርግታ ማየት ጀመረች።

«ምንይችል» አለች።

«አቤት እትዬ።»

«ለካ እኔ አልነበርሁም የዘገየሁት።»

ክው አልሁ። ያንን ሁሉ ዓመት፣ እዚያ ታች ብቻዋን ተቀምጣ፣ ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል ስትል ኖራለች! ቦታዋን የወሰዱባት ሳያንስ እጇን እንድታማው አደረጓት። 

«ምን ማለትሽ ነው? አንቺው አይደለሽም እንዴ ሁለቱን ማሽን አወዳድረሽ ለሁላችን ያሳየሽ?»

«ያን ቀን ያየሁት ማሽኑን ነው» አለችኝ። «እጄን ያየሁት ዛሬ ነው።»

ተነሥታ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችልኝ። መዝገብ የሚጠብቅ ባለጉዳይ አለ ብላ ግድግዳውን እየተደገፈች ወረደች።